እናትን ከማድነቅ ፈቃዷን ማራዘም ይቅደም

ይድረስ ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ሥራዋን፣ ትዳሯንና ልጆቿን አቻችላ ስለምትኖር እናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ማለዳ መነሣት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ለራስ ጊዜ መስጠት የሚለው ምክር ክፋት የለውም። ቅር ያለኝ፣ ነገሩ ሁሉ በእናቲቱ ጉብዝና ላይ መንጠልጠሉ ነው። የቱንም ያህል ብትጎብዝ ሒሳቡ ከመነሻው አይገጥምም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በፊተኛው አዋጅ የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ 60 ቀን ነበርና መሻሻሉን አልክድም። ይሁን እንጂ ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ ይነገረናል። ሦስቱን ወር ሕጉ ሰጠን፤ የቀሩትንስ ማን ይሙላልን? ሴት ልጅ የወለደች እናት በ80 ቀኗ ክርስትና ታስነሣለች፤ ከአሥር ቀን በኋላ ሥራ ገበታዋ ላይ ትገኛለች።

እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ የለውም። በቅርቡ ከወሊድ የተመለሰች ባልደረባዬ ጡቷ ሲያጋት መዝገብ ቤት ትገባና ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ቆማ ታልባለች። ማቀዝቀዣ ስለሌለ የታለበውን ወተት መታጠቢያው ላይ ትደፋዋለች። ያን ጊዜ ልጇ ቤት ውስጥ የላም ወተት በጡጦ እየጠባ ነው። ይህችን ሴት ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ ማለት ምን ይረባታል?

አባትየውስ? ያው አዋጅ ለእሱ የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። አራስ ጠያቂው ገንፎውን ቀምሶ ሳይጨርስ ፈቃዱ ያልቃል። ልጅ ማጠብና ሌሊት ተነሥቶ ማባበል የእናት ብቻ መሆኑን በዚያው ሳምንት እንማራለን፤ ኋላ ባሎቻችን አያግዙንም ብለን እንወቅሳለን።

ክፍተቱን ስንሸፍነው የኖርነው በአያትና በቤት ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ የሆነች፣ አንዳንዴም የራሷን ልጅ ገጠር ለእናቷ ትታ የመጣች ናት። የእኛ ኑሮ የተቻቻለው በእሷ ትከሻ ላይ መሆኑን ጽሑፋችሁ አላነሣውም። ጉልት የምትቸረችረዋ እናት ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪም የላት፤ አራስነቷ ሳይወጣ ልጇን አዝላ ትወጣለች።

ፈቃዱ ከረዘመ አሠሪዎች ሴት መቅጠር ይሸሻሉ የሚል ክርክር እሰማለሁ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን የሴቷን ማሳጠር ሳይሆን የወንዱንም ማስረዘም ነው። ልጅ ሲወለድ ሁለቱም ወላጆች ከሥራ የሚቀሩ ከሆነ፣ አሠሪው ሴቷን ለይቶ የሚሸሽበት ምክንያት ይቀንሳል።

ስለዚህ የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ስድስት ወር ይሁን፤ የአባት ፈቃድ ከቀናት ወደ ሳምንታት ይደግ፤ ብዙ ሴቶች የሚሠሩበት ድርጅት ሁሉ ማቆያ፣ ያም ባይሆን በሩ የሚቆለፍ ክፍልና ማቀዝቀዣ ያዘጋጅ። እናንተም «እንዴት ታቻችይዋለሽ?» የሚለውን ጥያቄ እስካሁን እናቶችን ጠይቃችኋል። በሚቀጥለው እትም አሠሪዎችንና አባቶችን ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ