የኮመጠጠ ወተት አይደፋ

ጠዋት የታለበ ወተት በመንገድ ርቀትና በፀሐይ ኮምጥጦ ከመሰብሰቢያ ማዕከል ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው። ማዕከሉ አይፈረድበትም፤ የኮመጠጠ ወተት ሲፈላ ይቋጠራል። ኪሳራው ግን የአርሶ አደሩ ነው።

እናቶቻችን እንዲህ ያለውን ወተት አርግተው ቅቤ ይንጣሉ፤ ከአሬራውም አይብ ያወጣሉ። ከዚህ የተረፈውም ቢሆን ለዳቦ ይውላል። በእርሾ ለሚቦካ ሊጥ በውኃ ፋንታ ይገባል። ያለ እርሾ ለሚጋገር ደግሞ ለአንድ ብርጭቆ ኮምጣጣ ወተት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ ኮምጣጣውና ሶዳው ሲገናኙ አየር ፈጥረው ሊጡን ይነፉታል።

ሆኖም የኮመጠጠና የተበላሸ ወተት አንድ አይደሉም። የመረረ፣ የሻገተ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ይወገድ። በሕክምና ላይ ካለች ላም የታለበም ለዳቦ አይሁን፤ የመድኃኒቱን ቅሪት እሳት ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህን በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት በተግባር ያሳዩ፤ በተለይ ገበያው በሚቀዘቅዝበት የጾም ወቅት የወተት ማኅበራትን ከዳቦ ጋጋሪዎች ጋር ያገናኙ፤ ጾመኛ ላልሆነው ደንበኛ የሚጋገር ዳቦ አለና። ዋናው መፍትሔ ግን ንጹሕ አላቢ፣ ንጹሕ የብረት ዕቃና ፈጣን ማጓጓዣ መሆኑ አይዘንጋ።