ማርኩ ያነሰ ልጅና የአስታማሚነት ትምህርት

ልጅ በፈተና ባነሰ ጊዜ በቤቱ ሐዘን መግባቱ የታወቀ ነው። አባት ይቈጣል፤ እናት ታዝናለች፤ ልጁም ከእኩዮቹ ይሸሸጋል። በመተከል ዞን መቀመጫ በግልገል በለስም ሆነ በሌላው ከተማ፥ ነርስ ለመሆን ያሰበች ልጅ ማርኳ ሲጐድል፥ ከቤተ ሰቧ አንዱ አሳቧን እንድትተው ይመክራታል፤ ሌላው ደግሞ ዘመድና የአደራ ደብዳቤ ይፈልግላታል። ሁለቱም ምክር የሚጐዳ ነው።

በመጀመሪያ፥ ያነሰው ልጅ ብቻውን አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች፥ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.2 ነው። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው የሚል አስተዋይ ሰው አይኖርም።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ማለፊያውን ላላገኙ ተማሪዎች ሬሜዲያል የሚባል የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጀመረ፤ ተመርጠው የገቡበትም የጐደላቸውን ተምረው ፈተናውን ሲያልፉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይሆናሉ። ሁለተኛው መንገድ ከዲግሪ በታች የሚያስተምሩት የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ናቸው፤ ከግልገል በለስ ሳይርቅ በፓዌም እንዲህ ያለ ኮሌጅ ይገኛል። በዚህ መንገድ ገብተው፥ ጥቂት ዘመን አገልግለው ትምህርታቸውን ወደ ዲግሪ ያሳደጉ ነርሶች በአገራችን ብዙዎች ናቸው። የመግቢያው ማርክ ግን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፥ ከኮሌጁ ራሱ መረዳት እንጂ በወሬ መታመን አይገባም። ኮሌጁም የታወቀ ፈቃድ ያለው መሆኑን ገንዘብ ከመክፈል በፊት መመርመር የአባት ሥራ ነው።

ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣችሁ ባለ ሥልጣኖች ሆይ፥ ይህን አስቡ። ማርክ የሚጠየቀው በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 500 ሚሊ ግራም መድኀኒት ቢኖር፥ 250 ሚሊ ግራም ለታዘዘለት ሕፃን የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ነጥቧን የዘነጋ እጅ ግን 25 ይቀዳል፥ ይህም ዐሥር እጥፍ ነው። በደብዳቤ የገባ ተማሪ ደብዳቤውን ይዞ ወደ በሽተኛው አልጋ አይቀርብም። ስለዚህ ሒሳብ ያነሰባት ልጅ ሒሳብን፥ ኬሚስትሪም ያነሰባት ኬሚስትሪን ደግማ ታጥና፤ አንድ ዓመት በጥናት ቢያልፍ ኪሳራ አይደለም።

ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሳሉ፥ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል አስታማሚነትን ተምረው፥ በ1931 ዓ.ም. በነርስነት ተመዘገቡ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። መዓርጋቸው ትልቅ ሳለ ሙያውን ያገኙት በትምህርት ነው።

በመተከል ይህ ነገር ይልቁን ይከብዳል። በበለስ ሸለቆ ወባ ይበረታል፤ ሕዝቡም ጉምዝኛ፥ ሺናሽኛ፥ አገውኛ፥ አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራል። በሌሊት ሕፃን ያቀፈች እናት በቋንቋዋ የሚጠይቃት ካላገኘች፥ ትኵሳቱ መቼ እንደ ጀመረ ለማስረዳት ትቸገራለች። በዚያው ያደገች፥ ዛሬ ግን ጥቂት ማርክ የጐደላት ልጅ፥ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ከማንም ትቀርባለች።

እንግዲህ ወላጆች፥ የማርኩ ወረቀት በመጣ ቀን ቍጣውን አቈዩት። ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የጐደለው የትኛው ትምህርት እንደ ሆነ ለዩ፤ የሚከፈተውን በር ጠይቁ፤ መጽሐፍና የጥናት ጊዜም ስጡ። ልጃችሁ በገዛ ድካሟ ከገባች፥ ነገ እናንተ ስትታመሙ በእጇ ላይ ያለ ፍርሀት ታርፋላችሁ።