ቁጥሩ ስንት ነበር?

«ሽጉጥ» ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። የሚሸጎጥ ነው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ባለቤቱም ይኩራራበታል። ሽጉጥ ግን ጉያ ውስጥ፣ ትራስ ሥር፣ ሣጥን ታች ይደበቃል። የእኛ ቤት ሽጉጥ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ቦታ ነው የተሸጎጠው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድመ አያቴ አርበኛ ነበሩ። ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኳትን ቤሬታ እስኪሞቱ ድረስ አልተለዩዋትም። ሲሞቱ ለልጃቸው፣ ማለትም ለሴት አያቴ ቀረች። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስፈትሽ፣ አሳሾቹ ከጎረቤት ግቢ ሳይወጡ አያቴ ሽጉጧን በመቀነቷ ጠቅልላ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀቻት። «ታዲያ ልጆቼን ላስጨርስ ኖሯል?» ትላለች እስከ ዛሬ። ማን ይፈርድባታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ጀርመን ሄጄ ይህን ታሪክ ለአንድ ሽማግሌ አጫወትኩት። ሰውየው የተኳሾች ማኅበር አባል ነው፤ የድሮ የኪስ ሽጉጥ ይወዳል። ለእንግዳ ክብር ብሎ ወደ ማኅበሩ ተኩስ ቦታ ወሰደኝና አንዲት 6.35 ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ እጄ ላይ አኖረልኝ። የቤልጂጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ በ1906 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣት ዓይነት ናት። ርዝመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ካዝናዋ 6 ጥይት የሚጎርስ። የልጅ መጫወቻ ትመስላለች፤ ግን መጫወቻ አይደለችም።

ሽማግሌው መጀመሪያ ያስገባልኝ አንድ ጥይት ብቻ ነው። ለምን? ብዬ ጠየቅኩት። እንዲህ ያሉት ሽጉጦች አፈሙዙን ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ጋር የሚቆልፍ ነገር የላቸውም። ሲተኮስ ያንን ብረት ይዘው የሚያዘገዩት የራሱ ክብደትና ሞላው ብቻ ናቸው። ሞላ ደግሞ ያረጃል፣ የቃታው ጥርስም ይበላል። መቶ ዓመት ያለፋት ሽጉጥ አንዴ ሲስቧት ሁለት ሦስት ጊዜ ልትተፋ ትችላለች። ስለዚህ አዋቂ ሰው ሞላውን ይለውጣል፣ በአንድ ጥይት ይፈትሻል፣ ጥይት አጉርሶ ኪሱ አይከትም። እኔም በሰባት ሜትር ርቀት ተኩሼ ወረቀቱን እንኳ ሳትኩት። ማነጣጠሪያዋ የምስር ፍሬ ታክላለች!

የአያቴን ታሪክ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «ቁጥሩ ስንት ነበር?» አለኝ። ዝም አልኩ። ማን ጻፈው?

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1914 እ.ኤ.አ. ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለው በኪስ ሽጉጥ ነው፤ ኤፍ ኤን ሞዴል 1910፣ ቁጥር 19074። ለረጅም ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ሞዴሉንም ካሊበሩንም እያሳሳተ ጽፏል። ዛሬ ሽጉጡ ቪየና የጦር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. በፊት በኢየሱሳውያን መነኮሳት እጅ ነበር። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ ማንም አሮጌ ብረት አምጥቶ «ይኸው» ባለን ነበር። የቅድመ አያቴ ዓይነት ሞዴል 1934 ቤሬታም ከሆነ ጎኑ ላይ የተሠራበት ዓመት ተቀርጿል፤ አጠገቡ ደግሞ በሮማ ቁጥር ከሙሶሊኒ የሮም ጉዞ የሚቆጠረው የፋሺስት ዘመን። ወራሪው ዘመኑን ከእኔ ይቆጠር ያለበት ብረት አርበኛው ወገብ ላይ ተገኘ! ከዚህ በላይ ምን የታሪክ ማስረጃ አለ?

እሺ፣ አንዳንዱ አንባቢ «ሰው እየሞተ አንተ ስለ ሽጉጥ ፍቅር ታወራለህ» ሊለኝ ይችላል። እውነት አለው። የቱርክ ሽጉጥ በየኬላው ተያዘ ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? ሽጉጥ እንደ ልብ ይዞር የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ንም በመርሁ አልቃወምም።

ግን ቁጥጥር ማለት ምን ማለት ነው? እንግሊዞችን እንይ። በ1996 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ደንብሌን ውስጥ አንድ ሰው ፈቃድ ባለው ሽጉጥ 16 ሕፃናትና አስተማሪያቸውን ጨረሰ። በማግስቱ ዓመት ሽጉጥ ማለት ይቻላል በሙሉ ታገደ። ያስረከበ ሰው ግን ካሳ ተከፈለው። በዚያ ሁሉ ቁጣ መሐል እንኳ ሕጉ የታሪክ ወይም የብርቅነት ዋጋ ላለው ሽጉጥ ቀዳዳ ተወ፤ በተፈቀደ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ እዚያው ይተኮሳል። ጀርመንም ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ስብስቡ የባህልና የታሪክ ፋይዳ እንዳለው እንዲያስረዳ ትጠይቃለች። ሕግ ማለት ይኼ ነው፤ ገዳይን ከቅርስ ለይቶ የሚያይ።

እኛስ? አንድ ወዳጄ የአያቱን ዝገት የበላው ብራውኒንግ «በሕግ ላስረክብ» ብሎ በእግሩ ሄደ። ተቀበሉት። ደረሰኝ ሲጠይቅ «ሂድ፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ተባለ። ይኸው እስካሁን አልጠሩትም። ሽጉጡ የት ገባ? ቀለጠ? ወይስ ዛሬ የማን ወገብ ላይ ነው? ወረቀት በሌለበት ሁሉም ይቻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሳይመዘገብ የተሰበሰበ መሣሪያም ሳይታወቅ ይወጣል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ መሣሪያ ያስረከበ ዜጋ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም አሮጌ መሣሪያ ከመወገዱ በፊት የታሪክ ባለሙያ ይየው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ለጌጥ አልተጻፈም። ሦስተኛ፣ የአርበኛ ቤተሰብ ከፈለገ መሣሪያው እንዳይተኮስ ተደርጎ ከነታሪኩ፣ ከነባለቤቱ ስም ሙዚየም ይግባ።

ይህ ካልሆነ ሕዝቡ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የአያቴ መንገድ። መንግሥትን የፈራ ሰው መሣሪያውን አያስረክብም፣ ይሸጉጣል። የደበቀው ወይ ጉድጓድ ይበላዋል፣ ወይ አንድ ቀን ክፉ እጅ ያገኘዋል።

አያቴን በቀደም «ቁጥሩን ታስታውሻለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔ የማስታውሰው የልጆቼን ቁጥር ነው፤ አምስት ነበሩ፣ አምስቱም ተረፉ» አለችኝ። እሷ ድርሻዋን ተወጥታለች። ቁጥር መያዝ የመንግሥት ሥራ ነበር።