የማይታየው ብርሃንና የብረት ቅንጣት

የማይታይ ፍጥረት መኖሩን ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ማስረዳት አያሻም። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር ዓይን የማያየው ብርሃን መኖሩን የገለጠው ዮሐን ሪተር የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1801 ነበር። የገለጠውም በብር ነው፤ የብር ጨው የተቀባ ወረቀት ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ፈጥኖ ሲጠቁር ተመለከተ። ይህም ብርሃን ዛሬ አልትራቫዮሌት ይባላል።

የዚህ ብርሃን አጭር ሞገድ የጥቃቅን ተሐዋስያንን ዘር ስለሚያበላሽ፥ የመጠጥ ውሃንና የሐኪም ቤትን አየር ለማንጻት ይጠቅማል። ለዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ሜርኩሪ የሚባለው መርዘኛ ፈሳሽ ብረት ያለበት መብራት ነው። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ መብራት ሜርኩሪ የለበትም፤ ትንሽና ጠንካራ ነው። ነገር ግን ተሐዋስያንን ከሚገድሉት ከነዚህ መብራቶች አብዛኞቹ ከሚቀበሉት ኤሌክትሪክ ብርሃን አድርገው የሚመልሱት ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ለዚህ ጉድለት ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ እጅግ የደቀቀ የብረታ ብረት ቅንጣት ነው። መጠኑ በናኖሜትር፥ ማለት ሜትር ለ1,000,000,000 ተከፍሎ በሚገኘው ልክ ይሰፈራል። ቅንጣቱ ብርሃን ከሚወጣበት ንጣፍ አጠገብ ሲቀመጥ፥ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድነት ይወዛወዛሉ፤ በዚህም ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ሳይባክን ፈጥኖ በብርሃን መልክ ይወጣል። ቅንጣቱ ከልክ በላይ ከቀረበ ግን ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ክቡር የሚባለው ወርቅም እዚህ ላይ አይረዳም፤ ብርም የሚረዳው ለሐምራዊው ለቀረበው ሞገድ ነው። ለአጭሩ ሞገድ የሚሻለው ከድስትና ከማንኪያ የሚታወቀው አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ ዋጋው ያለው በብረቱ ውድነት ሳይሆን በልኩ እውቀት ነው።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። አራዳና ፒያሳ ወርቅና ብር በሚዛን ለክተው በሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን የታወቁ ናቸው። በቀድሞ ዘመን ሌሊቱ በመብራትና በዘፈን ይነጋ ከነበረው ከውቤ በረሃ በእግር የሚደረስበት አራት ኪሎ ደግሞ የፊዚክስ ትምህርት ስፍራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርና ዚንክ ኦክሳይድ የተደራረቡባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች በብርሃን ፊት የሚያሳዩትን ጠባይ በስሌት መርምረው ጽሑፋቸውን ለዓለም አቀርበዋል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ንባብ ያለ ትርጓሜ ሙሉ እንደማይሆን፥ ስሌትም ያለ ሙከራ ሙሉ አይሆንም። መንግሥት ለሐኪም ቤትና ለውሃ ማጣሪያ መብራት ሲገዛ ዋጋውን ብቻ መጠየቁ አይበቃም፤ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ፥ ስንት ብርሃን እንደሚመልስ፥ የዓይንንና የቆዳን ጉዳት የሚከላከል መሸፈኛ እንዳለው ሊለካ ይገባል። የሚለካውም በአገር ልጆች እጅ ቢሆን፥ ዛሬ የገዛውን የሚመረምር ትውልድ ነገ የሚሠራ ይሆናል።

ስለዚህ ሹማምንት ለመለኪያው መሣሪያ በጀት መመደብ፥ ካህናትም ልጆችን ለዚህ ትምህርት ማበረታታት ይገባቸዋል። የማይታየውን ብርሃን ሳያውቁ መግዛት ወጪ ነው፤ አውቆ መለካት ግን የጥበብ መጀመሪያ ነው።