ሥዕሏ ሲሸጥ ቤቷ ለምን ይፈርሳል?

ስለ ቴምብር የተነጋገርን እንደ ሆነ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በውልና በማስረጃ ላይ የሚለጠፈው የቀረጥ ወረቀት ነው። እኔም በአንበሳሜ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሆኜ ባለጉዳዩን «ቴምብር ገዝተው ይምጡ» ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ይህች ዙሪያዋን ጥርስ ያላት ትንሽ ወረቀት ከዚህ የበለጠ ሥራ ልትሠራ ትችላለች፤ ይኸውም የአራዊትና የአዕዋፍ መኖሪያ እንዳይጠፋ ሕዝብን ማስተባበር ነው።

አገራችን እንስሳቷን በቴምብር ላይ ማሳየት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በወጡት ቴምብሮች ላይ ቀጭኔ፣ ነብር፣ ሰጎንና ዝሆን ታትመው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት አዕዋፋችን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያም የስሜኑ ዋልያ ተከትለዋል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መልካቸውን ስናከብር የቤታቸውን ነገር ዘንግተናል። ሥዕላቸው ሲሸጥ የረግረጉና የተራራው ድርሻ የት አለ?

ከአንበሳሜ ወደ ወረታ ወርዶ የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው ጥያቄዬ ይገባዋል። ርብ በክረምት ሞልቶ ሲፈስ ሸሸርና ወለላ በተባሉት ረግረጎች ላይ ውሃው ይተኛል። በራሷ ላይ የወርቅ አክሊል የመሰለ ላባ የደፋችው ረጅም ወፍ የምትኖረው በእንዲህ ያለው የጣና ዳርቻ ነው፤ በበጋም ከሰሜን አገሮች የሚመጡ እንግዶች አዕዋፍ ያርፉበታል። የፎገራ ከብትም በደረቁ ወራት የሚግጠው ከዚያው ነው። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ረግረጎቹ ግን ውሃቸው እየተነጠፈ ለእርሻ ስለ ዋለ እየጠበቡ ሄደዋል። ገበሬውን ልንወቅሰው አይገባም። ሩዙ ልጆቹን ያበላለታል፤ ወፏ ግን ምን ከፈለችው?

በአሜሪካ ድርቅና የረግረግ መጥፋት የዳክዬዎችን ቁጥር ባሳነሰ ጊዜ፣ በ1926 ዓ.ም. አንድ ሕግ ወጣ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውሃ ወፍ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ ቴምብር እንዲገዛ ታዘዘ። የመጀመሪያውን ሥዕል የሠራው ጄይ ዳርሊንግ የተባለ የጋዜጣ ሠዓሊ ሲሆን፣ ዋጋው አንድ ዶላር ነበር፤ ዛሬ 25 ዶላር ደርሷል። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲም ለአዕዋፉ መኖሪያ ይውላል። በዚህም መንገድ ከ6 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለት 2.4 ሚሊዮን ሄክታር ከሚያህል መሬት በላይ ተጠብቋል። ቴምብሩን የሚገዙትም አዳኞች ብቻ ሳይሆኑ ሰብሳቢዎችና ወፍ ተመልካቾች ጭምር ናቸው። ተማሪዎችም የራሳቸው የሥዕል ውድድርና ቴምብር አላቸው።

«ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ?» ብለው የሚከራከሩ አይጠፉም። የዳክዬው ቴምብር ግን ደብዳቤ መላኪያ ሆኖ አያውቅም፤ የሚሸጠው ለፖስታ ሳይሆን ለዓላማ ነው። «የባዕድ ልማድ ነው» የሚሉም ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች በ1928 ዓ.ም.፣ በወረራው ጊዜ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የታተመባቸው ቴምብሮቻችን ከዋጋቸው እጥፍ ተሽጠው ትርፉ ለቀይ መስቀል መዋሉን ዘንግተዋል። «ድሃ ሕዝብ ለወፍ ገንዘብ አያወጣም» ለሚሉት ደግሞ አባቶቻችን መልሰውላቸዋል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እንግዲህ የጣናና የፎገራ አዕዋፍ በየዓመቱ በቴምብር ይውጡ፤ ሥዕሉንም ተማሪዎች ተወዳድረው ይሥሩት። ከሁሉ በላይ ግን ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ በሕግ ይጻፍ፤ የረግረጉን ዳር ሳያርስ ለሚተው ገበሬ ድርሻ ይኑረው፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ይህ ካልሆነ ቴምብሩ እንደ ቀድሞው ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካኖቹን የጠቀማቸው የሥዕሉ ማማር ሳይሆን የሕጉ መጽናት ነው።

በስሟ ውስጥ አንበሳ በሚሰማባት በአንበሳሜ ልጆቻችን አንበሳን የሚያውቁት ከሥዕል ነው። ባለ አክሊሏንም ወፍ እንደዚሁ ከቴምብር ላይ ብቻ እንዲያውቋት የምንፈቅድ ከሆነ፣ ያተምነው ቴምብር ሳይሆን የመርዶ ወረቀት ነው። ሹም በደንቡ፣ መምህር በትምህርቱ፣ ተማሪም በቀለሙ ዛሬውኑ ይነሣ።