የሪዞርቱ ምግብ ይቅርብን

የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ ለማርች 2026 የስፕሪንግ ብሬክ ጉዞ ሦስት አማራጮች በግሩፓችን ላይ ለጥፏል። ሦስቱም የተለያየ ዋጋና የተለያየ ሆቴል አላቸው። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ውስጥ አስቀድሞ የሚከፈል የሪዞርት የምግብ ፓኬጅ ተካቷል። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፣ ባለፈው ማርች ፍሎሪዳ ውስጥ ምን እንደበላንና ምን ሳንበላ እንደቀረን ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። የነበራችሁ ደግሞ አጋነንክ ካላችሁኝ አርሙኝ።

የፓርኩን ስም አልጠራም። ከፓርኩ ጋር ጠብ የለኝም። ሮለርኮስተሩ ላይ አራት ጊዜ ተሰልፌያለሁ፣ ዛሬም ብትጠሩኝ እሰለፋለሁ። ጉዳዬ ከሳህኑ ጋር ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ሃያ ሦስት ነበርን። ጉዞው ለአንድ ሰው 940 ዶላር ወጣበት። ከዚህ ውስጥ 312ቱ የአራት ቀን ምግብ ነው፤ በቀን 78 ዶላር፣ ሦስት ኩፖን፣ ቁርስ ምሳ እራት። ለሃያ ሦስታችን ሲደመር 7,176 ዶላር ይሆናል። የቀድሞ ተመራቂዎቻችን ለዚሁ ጉዞ ያዋጡት 5,520 ዶላር ነበር። እናንተ ይህን መጽሔት ከሥራ በኋላ በስልካችሁ የምታነቡ ታላላቆቻችን፣ የላካችሁት ገንዘብ በሙሉ ለምግብ ብቻ ቢውል እንኳ የሪዞርቱን ማዕድ አይሸፍንም ነበር ማለት ነው።

ታዲያ በዚህ ገንዘብ ምን ቀረበልን? የመጀመሪያው ማታ የተመደበልን ምግብ ቤት «የአፍሪካ ጣዕም» የሚል ነበር። ግድግዳው ላይ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጭምብሎች ተሰቅለዋል፣ ከጣሪያው የሣር ጎጆ ክዳን ተንጠልጥሏል፣ ከበሮ በድምፅ ማጉያ ይመታል። ደስ አለን፤ አልዋሽም። ሜኑው ላይ ስኳር ድንችና ኦቾሎኒ ያለበት ወጥ የሚመስል ነገር ነበር። ሲመጣ በርበሬ የለውም፣ ዝንጅብል የለውም፣ ጨው እንኳ በስሱ ነው። ጣፋጭ ነበር፣ እንደ ሕፃን ምግብ። ከጎኑ የነበረው ሩዝ ጠርዙ ደርቆ መሃሉ ቀዝቅዟል። አንዷ ልጃችን ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ በጠረጴዛው ዙሪያ ስታዞር አስተናጋጁ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀን። ቀምሶ ሳቀ፣ ለጓደኛውም ሊያቀምስ ይዞ ሄደ። በዚያ ማታ ከቀረቡት ሁሉ ተወዳጁ እርሱ ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ እኛ ከሄድንበት ሌላ በሆነው ኤፕኮት በሚባለው የፍሎሪዳ ፓርክ ውስጥ አገሮች በየድንኳናቸው ምግባቸውን የሚያቀርቡበት ሰፊ ክፍል አለ። ፓርኩ በ1982 ሲከፈት የምድር ወገብ አፍሪካን የሚወክል ቦታ ታቅዶ ነበር፤ አልተሠራም። ካሉት አስራ አንድ አገሮች ከአፍሪካ ያለችው በ1984 የተከፈተችው ሞሮኮ ብቻ ናት። ስለዚህ የሣር ክዳንና የስኳር ድንች ጉዳይ የአንድ ሪዞርት ችግር ብቻ አይመስለኝም።)

የምግቡ ጣዕም ግን ከሁሉ ትንሹ ቅሬታዬ ነው። ትልቁ የጾም ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 24 ገብቶ እስከ ኤፕሪል 19 ቆየ። ረመዳን ማርችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያዘ። ከሃያ ሦስታችን አስራ አንዱ የኦርቶዶክስ ጾመኞች፣ አራቱ ሙስሊሞች ነበሩ። አስራ አምስት ሰው ማለት ነው። አስራ አንዱ ከቀትር በፊት አይቀምሱም። አራቱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃም አይጠጡም። ለእነዚህ ሁሉ በየጠዋቱ የሚያምር የቁርስ ቡፌ ተከፍሎላቸዋል፤ እንቁላል፣ ቤከን፣ ፓንኬክ፣ ክሬም የተደፋበት ፍራፍሬ። እውነቱን ለመናገር ቁርሱ ከሪዞርቱ ምግብ ሁሉ የተሻለው ነበር። የሚበላው ሰው ግን አልነበረም። ኩፖኑን ለእራት እንቀይረው ብለን ጠየቅን፤ ቁርስ ቁርስ ነው፣ እራት እራት ነው ተባልን።

እራት ደግሞ በቀጠሮ ነው። ለሃያ ሦስት ሰው የተገኘው ሰዓት አምስት ሰዓት ተኩል ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር። በማርች አጋማሽ ፍሎሪዳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አራቱ ሙስሊም ጓደኞቻችን ሁለት ሰዓት ሙሉ እኛ ስንበላ አብረውን ይቀመጡ ወይስ ክፍላቸው ይሂዱ? ሁለቱ ተቀመጡ፣ ሁለቱ ሄዱ። ምግቡን በሣጥን ይዘን እንውጣላቸው ስንል የቡፌ ምግብ ከአዳራሹ አይወጣም አሉን። አፍጥር ያደረጉት ከሆቴሉ ሎቢ በገዙት ቴምር አልባ ሳንድዊችና የድንች ቺፕስ ነው፣ በራሳቸው ገንዘብ። ለሱሑርማ ከንጋት በፊት የሚከፈት አንድም ማዕድ ቤት አልነበረም።

የኦርቶዶክሶቹም ነገር ከዚህ አይሻልም። ሜኑው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ምግብ ነበር። እኛ የጾም መስሎን ስናዝ፣ ቅጠሉ ሥጋ የሌለበት ማለት እንጂ ቅቤና አይብ የሌለበት ማለት አይደለም። ይህ የታወቀው አንዱ ልጅ ፓስታውን ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ሰላጣና የተጠበሰ ድንች ያዘ። ሰላጣና ድንች፣ አራት ቀን። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ እትም እናቆየው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከበቂ በላይ ተከራክረንበታል።)

ጾም የሌለባቸው ስምንቱስ? እነርሱም ጠግበው አልተነሡም። በርገሩ ግራጫ ነው፣ ዶሮው እንደ ካርቶን ይላላጣል። ፓስታው ከተቀቀለ ቆይቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ብዙ ነው፣ ያ ሁሉ ብዛት ግን አንጀት ላይ ጠብ አይልም።

በስልኬ እየመዘገብኩ ነበር። ከ276 ኩፖን 97ቱ ሳይነኩ ቀሩ። ጾመኞቹ ያልበሉት ቁርስ ብቻ 60 ነው፣ ሙስሊሞቹ ያልበሉት ምሳ 16፣ የቀረው 21 ሰው ሰልፉን አይቶ ወይም ቀጠሮው አልፎበት የተወው ነው። አንዱ ኩፖን በ26 ዶላር ሲታሰብ 2,522 ዶላር። በመጨረሻው ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከእጅ አምባራችን ላይ ተሰረዘ። ተመላሽ የለም።

ይህን የምጽፈው ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሠራተኞች ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ በቀን ለሺዎች ያበስላል። ምግቡ በጅምላ ተዘጋጅቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ሞቆ ይቀርባል። ከመላው ዓለም የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ሁሉ እንዲበላው ስለሚፈለግ ቅመም ይወጣለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛው የትም አይሄድም። ከበሩ ወጥቶ የተሻለ ምግብ ቤት ለመፈለግ ትራም፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፣ አውራ ጎዳና ማቋረጥ አለበት። ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። የካምፓስ ሚል ፕላን ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከተከፈለ በኋላ ምግቡ ቢከፋም ካፌው አይጎድልበትም። ልዩነቱ ካምፓስ ውስጥ ቢያንስ ቅሬታ የምናቀርብበት የተማሪ ተወካይ አለን።

የመዝናኛ ፓርክ ሲባል ምግቡ መጥፎ መሆን አለበት የሚል ሕግ ግን የለም። ካሊፎርኒያ ያለው ኖትስ ቤሪ ፋርም የተነሣው ከምግብ ነው። በ1934 ኮርዴሊያ ኖት የምትባል የገበሬ ሚስት በሠርጓ ሳህኖች ላይ የዶሮ ጥብስ እራት በ65 ሳንቲም መሸጥ ጀመረች። ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ባሏ ተራ የሚጠብቀው ሰው እንዳይሰለች በ1940 የድሮ ዘመን መንደር መሥራት ጀመረ፣ ፓርኩም ከዚያ አደገ። ሰው መጀመሪያ የመጣው ለዶሮው ነበር። እኛ በሄድንበት ሰዎች ለሮለርኮስተሩ መጥተው ዶሮውን ይችላሉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቡፌው አጠገብ ሳህን የምትሰበስብ አንዲት ሴት በአማርኛ ስናወራ ሰማችን። የእናቶቻችን እኩያ ናት። «ከየት ናችሁ ልጆቼ?» አለችን። ነገርናት። ሳህኖቻችንን አየችና «ጾም ላይ ናችሁ አይደል? ለዚህ ስንት ከፈላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሰባ ስምንቱን ስንነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷ ምሳዋን ከቤት ቋጥራ ነው የምትመጣው፤ ሽሮና እንጀራ፣ በዕቃ። «እዚህ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ቤት ተከራይታችሁ ብትቀመጡ እኔ ራሴ እሠራላችሁ ነበር» አለችን። ከዚያ አለቃዋ ሲመጣ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከበሩ ውጭ ማዕድ ቤት ያላቸው ሁለት ቤቶች እንከራይ። ኪራዩ ከሆቴሉ ክፍሎች ጋር እኩል ቢሆን እንኳ ከምግቡ እናተርፋለን። በጉዞው ዋዜማ ከክላርክስተን እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሐላል ሥጋና ቴምር ገዝተን አውቶቡሱ ላይ እንጫን። አያቶቻችን መንገድ ሲነሡ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይቋጥሩ ነበር፤ ምግብ ይገኝ ይሆናል ብሎ ባዶ እጁን የሚወጣ መንገደኛ አልነበረም። እኛ ደግሞ ማቀዝቀዣ አለን። አንድ ሰው በቀን 12 ዶላር ብናስብለት ለአራት ቀን 1,104 ዶላር ይሆናል። አንድ ማታ በአንድ ሰው 25 ዶላር ጥሩ ምግብ ቤት ብንወጣ 575 ይጨመራል። ድምሩ 1,679፣ በ7,176 ፈንታ። የአንድ ሰው ወጪ ከ940 ወደ 700 ገደማ ይወርዳል። ፓርክ ውስጥ ለምሳ ደግሞ የራስን ምግብ የሚያስገቡ አሉ፤ ለምሳሌ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የመስታወት ዕቃና አልኮል እስካልያዛችሁ ድረስ ይፈቅዳል። ኮሚቴው ፓርክ ሲመርጥ ይህን አንድ ጥያቄ ቢጨምርበት ምን ይጎዳል?

ተቃውሞዎቹን ሰምቻለሁ። «ለእረፍት ሄደን ማን ያበስላል?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በተለይ ሲጠይቁ የነበሩት ሴቶቹ ስለሆኑ። ካለፈው የበዓል ዝግጅታችን ወንዶቹ ሶፋ ላይ ኳስ ሲያዩ እነርሱ ማዕድ ቤት ቆመው እንደዋሉ አይረሱም፤ እኔም አልረሳሁም። ስለዚህ ተራው በስም ተጽፎ፣ ወንዱም ሴቱም እኩል ገብቶበት፣ ከአውቶቡስ ትኬቱ ጋር ይፈረምበት። የማይችል ያጥባል። ወጡን ደግሞ ቀድመን ከእናቶች አሠርተን በረዶ አድርገን መውሰድ እንችላለን፤ እዚያ የሚቀረው ማሞቅ ነው። «አብሮ መብላት ይቀራል» የሚሉም አሉ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግማሹ ሲበላ ግማሹ ክፍሉ ተኝቶ ነበር። አብሮ መብላት የነበረው የት ነው?

በ2026ም ሁለቱ ጾሞች ይገናኛሉ። ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 16 ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጀምርና ስፕሪንግ ብሬካችንን ያካትታል። ኮሚቴው ያቀረባቸው ሦስቱም ፓኬጆች ቁርስ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ተመዝግበው ቀርተዋል። አንደኛዋ በየወሩ ከሥራ-ጥናት ደመወዟ ለእናቷ አዲስ አበባ ትልካለች፤ በዚያ ወር የጎደላት 200 ዶላር ነበር። ለሌላው የጎደለውን አላውቅም፣ አልጠየቅሁትም። ሁለቱም ዘንድሮ እዚህ አሉ፣ ግሩፑ ውስጥም አሉ፣ ሦስቱን አማራጮች አይተዋል። እስካሁን ድረስ በአንዱም ላይ ምልክት አላደረጉም። የቤት ኪራዩን አማራጭ አራተኛ አድርጌ ከነዋጋው ለኮሚቴው ልኬያለሁ፤ ሁለቱ ቤቶች ቀብድ የሚጠብቁልን እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው።