ከመርጨት በፊት የተባዩን አፍ እንይ

ከቦሌ ለሚ እስከ ቦሌ ቡልቡላ ቀድሞ እህል ይታረስበት የነበረው መሬት ዛሬ በአብዛኛው ቤትና ፋብሪካ ሠፍሮበታል። ቢሆንም በግቢው ጥግ ጎመን የሚተክል ሰው አልጠፋም። ቅጠሉ መጨማደድና መገርጣት ሲጀምር ባለቤቱ ወደ መድኃኒት ሻጭ ይሮጣል፤ ሻጩም ተባዩ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ጠርሙሱን ያቀብለዋል። ይህ ልማድ በእኔ አስተያየት ከተባዩ የማያንስ ጠንቅ ነው።

ትል ቅጠሉን በመንጋጋው ቀርጥፎ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ክሽክሽ ግን የሚያኝክበት መንጋጋ የለውም፤ እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ሰክቶ የተክሉን ጣፋጭ ፈሳሽ ከውስጥ ይመጥጣል። ስለዚህ ተበልቶ ብቻ የሚገድል፣ ከቅጠሉ ላይ የሚቀር መርዝ ትሉን ሲጨርስ ክሽክሹን አይነካውም። የጎመን ክሽክሽ ደግሞ ዱቄት የመሰለ ሰም ስለ ለበሰ ባዶ ውሃ ይንከባለልበታል፤ ሳሙና የገባበት ውሃ ግን ይይዘዋል። ያለ ምርጫ ሁሉን የሚፈጅ መርዝ ቢረጭ፣ ክሽክሽ የምትበላው ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛም አብራ ታልቃለች። ቤተ ሰቡ ጎመኑን በማግስቱ ቀንጥሶ ሲበላ መርዙ የደረሰው ለማን ነው?

ነገሩ በቦሌ አጥር ውስጥ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባላሳሰበ። በወሎና በትግራይ ደጋ የገብስ ክሽክሽ ቅጠሉን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ከውስጡ ይሸሸጋል፤ ነጫጭ መስመር ያየ ሰው የዝናብ እጥረት ነው ሊል ይችላል፣ ከላይ የሚረጨውም አያገኘውም። በጌዴኦና በሲዳማ እንሰቱ ሲጠወልግ ጠላቱ ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ ነው፤ ነጭ ብናኝ የለበሰውን ተባይ ጉንዳን ይንከባከበዋል፣ ሰውም ከታመመ እንሰት በነቀለው ችግኝ ወደ አዲስ ማሳ ያሻግረዋል። ሳይቆፍር የሚፈርድ ባለሙያ ይህን ከቶ አያየውም። አንቴስቲያ የተባለው የቡና ትኋንም እንዲሁ ነው፤ ፍሬውን ወግቶ ሲመጥ ውጭው ደኅና መስሎ ውስጡ ይበላሻል።

የግብርና ምርምር ተቋም በ1958 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ አምቦም የዕፅዋት ተባይ የሚመረመርበት ማዕከል አለ። እንግዲህ ወደ ወረዳ የሚመደብ ወጣት ባለሙያ ከሞተር ብስክሌቱ አስቀድሞ አንድ አጉሊ መነጽርና አልኮል የተሞሉ ትንንሽ ጠርሙሶች ሊሰጡት ይገባል፤ በጠርሙሱም ላይ የሰብሉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን፣ ተባዩ የተገኘው ከቅጠል፣ ከፍሬ ወይም ከሥር መሆኑን በእርሳስ ይጻፍበት፤ ቀለም በአልኮል ይለቃልና።